የእሑድ ዘጠኝ ሰዓት ድምፅ

ሬድዮው ለእኔ የተሰጠው ዝምተኛ ስለሆንሁ ነው። የትምህርት ቤቱ ርዕሰ መምህር ሣጥኑን አምጥተው ጠረጴዛዬ ላይ አስቀመጡና፣ «አንቺ አታወሪ፤ እንግዲህ እሱ ያውራልሽ» አሉኝ። ሁለቱ መምህራን ሳቁ። እኔም አቀርቅሬ ፈገግ አልሁ። ከመካከላችን እንዲህ ያለ ነገር ነክቶ የሚያውቅ ሰው አልነበረም፤ ቢበላሽ ማን እንደሚጠየቅ ግን በዚያች ሰዓት ተወሰነ።

ዩኒቨርሲቲ ሦስተኛ ዓመቴን ጨርሼ ለአንድ ዓመት የመምህርነት አገልግሎት መካነ ብርሃን የተላክሁበት ጊዜ ነው። ተወልጄ ያደግሁት ጎንደር ቢሆንም ከደባርቅ ወዲያ ያለውን ደጋ ከስሙ በቀር አላውቀውም ነበር። እስከ ደባርቅ በመኪና፣ ከዚያ ወዲያ በበቅሎ ይኬዳል። ብርዱ አጥንት ድረስ ይዘልቃል። የተሰጠችኝ ክፍል በአንድ ሽማግሌና በሚስታቸው ግቢ ውስጥ ነበረች። ሽማግሌውን አገሩ ሁሉ አያ ይላቸዋል፤ እኔም አያ አልኋቸው። ሚስታቸውን እማማ እላቸው ነበር። አንድ ልጅ አላቸው፤ ወታደር ሆኖ ኦጋዴን ነው። የምተኛበት መደብ የእሱ ነበር። ሲሄድ የሰቀለው አለንጋ ከራስጌዬ ካለው ችካል ላይ አልወረደም።

ሬድዮው ቡናማ የእንጨት ሣጥን ነው። ፊቱ ላይ ቁጥር የተጻፈበት መስታወት፣ ከመስታወቱ በስተኋላ ቀይ መርፌ፣ ከሥሩም ሁለት ቁልፎች አሉት። በጀርባው የባትሪ ድንጋይ ይጎርሳል። አንዱን የሽቦ ጫፍ በመስኮቱ አሳልፌ ከባንዲራው ምሰሶ ጋር አሰርሁት፤ ሌላውን መሬት ውስጥ ከተተከለ ብረት ጋር አያያዝሁ። ብረቱ ሥር ውሃ ሳፈስስበት ድምፁ እንደሚጠራ በኋላ ደረስሁበት። መጀመሪያ ሰሞን ሰዉ ሽቦውን ጠላው፤ መብረቅ ይስባል፣ በረዶ ያመጣል ተባለ። የዚያ ዓመት ገብስ ደህና ሲሆን ነገሩ ተረሳ።

ጣቢያ መፈለግ የትዕግሥት ሥራ ነው። መርፌው የፀጉር ስፋት ያህል ካለፈ የአዲስ አበባው ድምፅ ይጠፋና ዐረብኛ ይመጣል፤ ትንሽ ካለፈ ፉጨት፤ ከዚያም በማላውቀው ቋንቋ የተቆጣ የሚመስል ሰው። ጣቢያውን ካገኙትም በኋላ ድምፁ ይቀርባል፣ ይርቃል፤ እንደሚተነፍስ ነገር ነው። እጅን ከቁልፉ ሳያነሡ በዝግታ መከተል ያስፈልጋል። ይህ አልከበደኝም። አባቴ ጎንደር የአንድ ደብር የዜማ መምህር ነው። ልጅ ሳለሁ ከግድግዳው ወዲህ ተቀምጬ ተማሪዎቹ ሲያዜሙ እሰማለሁ፤ የቱ እንደሳተ አባቴ ከመቆጣቱ በፊት አውቃለሁ። ከግድግዳው ወዲያ ግን አንድ ቀንም ገብቼ አላውቅም።

ለሬድዮው አንድ ደብተር መደብሁለት። ቀኑን፣ ሰዓቱን፣ መርፌው የቆመበትን ቁጥርና የሰማሁትን በአጭሩ እጽፋለሁ። ማንም አላዘዘኝም፤ ጠባዬ ነው።

እሑድ እሑድ ሰዉ ከቀትር በኋላ ትምህርት ቤቱ ደጅ ይሰበሰባል። ሬድዮውን መስኮቱ ላይ አስቀምጬ እኔ ከውስጥ እቆማለሁ፤ ሰዉ ከእኔ እጅ በቀር አይታየውም። ለእኔ የተመቸ ነበር። አንድ ቀን አንድ ገበሬ ወደ መስኮቱ ጠጋ አለና፣

«እመቤት፣ አዲስ አበባ ላሉት ግብር ቀንሱልን ይሏችኋል በይልን» አለኝ።

«እሱ አይሰማም» አልሁት። «መናገር ብቻ ነው።»

«እንደ ወረዳ ገዥያችን ነው በይኛ።»

የወረዳው ዘበኛ እዚያው ቆሞ ነበር። እሱም ሳቀ።

የደብሩ አለቃ ግን ለመሳቅ አልመጡም። የነአያ የነፍስ አባት ናቸው፤ ጎንደር ተምረዋልና አባቴን በዝና ያውቁታል፤ ስለዚህ የመምህሩ ልጅ ይሉኛል። በሁለተኛው ወይም በሦስተኛው እሑድ ጸጥ ብለው ሲሰሙ ቆዩና፣ «የመምህሩ ልጅ፣ ይኸ ሰው የሚናገረው መቼ የተናገረውን ነው?» ብለው ጠየቁኝ።

«አሁን ነው አባ። እሱ አዲስ አበባ ሆኖ ሲናገር በዚያችው ቅጽበት እኛ እዚህ እንሰማለን።»

«እንደ ደብዳቤ መንገድ ላይ አይቆይም?»

«አይቆይም።»

እንዲህ እርግጠኛ ሆኜ ለብዙ ሰው የተናገርሁበት ሌላ ቀን ትዝ አይለኝም። አለቃው ግን በቃል ብቻ አላመኑም። ጾም የሚፈታበትን ዘጠኝ ሰዓት ካህናቱ በጥላ ነው የሚያውቁት፤ በየወሩ የሰው ጥላ ስንት ጫማ ሲሆን ዘጠኝ ሰዓት እንደሚሆን በቃላቸው ይዘዋል። ፀሐይ ላይ ወጡና የጥላቸውን ጫፍ ምልክት አድርገው፣ ተረከዛቸውን ከጣታቸው እያስጠጉ ቆጠሩ። ሬድዮው «ዘጠኝ ሰዓት ነው» ሲል ቆጠራቸውን ጨርሰው ቀና አሉ።

«ልክ ነው» አሉ። «ጥላዬም ይኸንኑ ነው የሚል።»

ከዚያ ወዲህ በየእሑዱ ይለኩ ነበር፤ በየእሑዱም ልክ ነበር። ሬድዮ የአሁኑን እንጂ ያለፈውን አይናገርም የሚለው ነገር በአካባቢው የታወቀ ሆነ። እንዲያ ብዬ ያስተማርኋቸው እኔ ነኝ፤ አለቃው በጥላቸው መሰከሩልኝ።

ዘጠኝ ሰዓት ላይ በየጠረፉ ያሉ ወታደሮች ለቤተ ሰዎቻቸው ሰላምታ የሚልኩበት ዝግጅት ይተላለፍ ነበር። እማማ የሚመጡት ለእሱ ነው። ከመስኮቱ ሥር ድንጋይ ላይ ይቀመጡና፣ የእያንዳንዱ ወታደር ስም ሲጠራ አንገታቸውን ቀና፣ የእሳቸው ልጅ አለመሆኑ ሲታወቅ ዝቅ ያደርጋሉ። ሲያልቅ «የሰው ልጅ ደህና ነው፤ ሸጋ ነው» ብለው ይነሣሉ። በጥቅምት ለልጃቸው ደብዳቤ አስጽፈውኝ ነበር።

«ላሚቱ ቡሬ ልትወልድ ተቃርባለች በይው። አንችም ከእኛ ጋራ እንዳለሽ ንገሪው፤ መደብህ ላይ የምትተኛ ሰው አለች በይው።»

«አያ ጉልበታቸውን እንደሚያማቸውስ?»

«ተይው። ከዚያ ሆኖ ምን ሊያደርግለት ነው?»

መልስ ሳይመጣ ገና ደረሰ። ለበዓሉ ጎንደር ወረድሁ፤ ፒያሳ ካለ ሱቅ አዲስ የባትሪ ድንጋይ ገዝቼ ተመለስሁ። ደባርቅ ላይ በቅሎ ስጠብቅ አንድ የመንግሥት ጸሐፊ፣ «መካነ ብርሃን ነሽ አይደል? ይኸን ለወረዳው ስጭልኝ» ብሎ የታሸገ ወረቀት ሰጠኝ። ከድንጋዩ ጋር በአንድ ቦርሳ አድርጌ፣ መንገዱን ሁሉ እያፏጨሁ ባይሆንም ደስ ብሎኝ፣ ይዤው መጣሁ። ወረቀቱን ለወረዳው ጸሐፊ በእጄ ሰጠሁት።

የነአያ ልጅ በግዳጅ ላይ ሳለ መሞቱን የሚናገር ወረቀት ነበር። ማኅተም አለው፤ ስሙ ከነአባቱ ስም በትክክል ተጽፏል። የሞተበት ቀን ግን የለበትም።

መርዶ እንዲሁ አይነገርም። ሽማግሌዎቹ ከአለቃው ጋር መክረው ሐሙስ ጎህ ሲቀድ እንዲሆን ወሰኑ፤ ከግቢው ስለምኖር ግን ለእኔ ረቡዕ ተነገረኝ። «እራትሽን እንደ ወትሮሽ ብዪ፤ ፊትሽን ጠብቂ» አሉኝ አለቃው። ከእማማ ጋር በአንድ ገበታ በላሁ። «ምነው እጅሽ ዛሬ ከበደ?» አሉኝ። ብርዱ ነው አልኋቸው። ትልቁን ጉርሻ አጎረሱኝ፤ ዋጥሁት።

ስለ ሐሙስ ጠዋት ብዙ አልጽፍም። ሰዎቹ ነጠላቸውን አዘቅዝቀው ወደ ግቢው ሲገቡ እማማ አይተው አንድም ቃል ሳይነገራቸው ገባቸው። ፊታቸውን ቧጠጡ፤ ራሳቸውን ተላጩ። አያ የላም ማሰሪያ ገመድ በእጃቸው እንደያዙ ቆመው ቀሩ። የሞተበት ቀን ስላልታወቀ አርባው ከመርዶው ቀን ጀምሮ እንዲቆጠር ሆነ፤ ተዝካሩ ሰኞ ላይ ዋለ። ሬድዮውን በነጠላ ሸፍኜ አራት እሑድ ሳልነካው ቆየሁ።

በአምስተኛው እሑድ ከሩቅ የመጡ ሰዎች ለምን እንደተዘጋ ጠየቁ። ርዕሰ መምህሩ ምን ይሻላል ሲሉ አያ እዚያው ነበሩ።

«ክፈችው» አሉኝ። «ሰዉ ምን በደለ?»

ዘጠኝ ሰዓት ሊሆን ሲል መርፌውን ወደ ሌላ ጣቢያ ልወስደው ቁልፉን ያዝሁ። አያ ከመስኮቱ ሥር እማማ ይቀመጡበት ከነበረው ድንጋይ ላይ ተቀምጠዋል። እጄን አዩት።

«ተይው። የሌላ ሰው ልጅ ልስማ።»

ተውሁት። አለቃው ፀሐይ ላይ ወጥተው ጥላቸውን ለኩ። ሁለት ወታደሮች ሰላምታ አቀረቡ። ሦስተኛው ስሙን፣ የአባቱን ስምና ጃናሞራ መካነ ብርሃን ብሎ አገሩን ተናገረ። ድምፁ እየራቀ ነበርና እጄ ከእኔ ፈቃድ ውጭ ተከተለው፤ መልሶ ጠራ። «አባቴ፣ እናቴ፣ እንደምን ናችሁ? እኔ ደህና ነኝ። አታስቡ።» ሳል ያዘውና አንድ ጊዜ ሳለ። «ቡሬ ወለደች ወይ?» ከኋላው አንድ ሰው ሲስቅ ተሰማ። ከዚያ ሌላ ወታደር ቀጠለ።

ከዚያ አንዲት ሴት እልል አለች፤ ሌሎቹም ተከተሉ። ሁለት ሰዎች ወደ እማማ ሮጡ። አያ ተነሥተው በመስኮቱ እጃቸውን አሳለፉና፣ ቁልፉ ላይ ያለውን እጄን ይዘው ሳሙት። ጢማቸው እርጥብ ነበር።

እኔ በዚያች ሰዓት አወቅሁ። ዩኒቨርሲቲ ሳለሁ የእንግሊዝኛ አስተማሪያችን ድምፅ የሚቀዳ መሣሪያ ወደ ክፍል አምጥቶ ነበር። እያንዳንዳችን ጥቂት መስመር አነበብን፤ በሳምንቱ መልሶ አሰማን። የራሴን ድምፅ ስሰማ ከሐፍረት የተነሣ ከክፍሉ ወጥቼ እንደነበር እስከ ዛሬ አልረሳሁም። ጠረፍ ያለ ወታደር ሰላምታ አዲስ አበባ ካለው ጣቢያ እንዴት እንደሚደርስ ግን አንድ ቀንም ቁጭ ብዬ አስቤ አላውቅም ነበር። ያን ዕለት አሰብሁት። አፌንም ከፈትሁ። አያ እጄን አልለቀቁም፤ ሰው ሁሉ ወደ መስኮቱ ያያል። መልሼ ዘጋሁት።

«ወረቀት የሰው እጅ የጻፈው ነው፤ ይሳሳታል» አለ አንዱ። «ይኸስ የራሱ አፍ ነው። አለቃም በጥላቸው ለክተውታል።»

እማማ ቧጥጠውት የነበረው ፊታቸው ገና ቅርፊት ነበረው። ያን ዕለት የተላጨ ራሳቸውን ቅቤ ተቀቡ። ከል የነከሩትን ቀሚስ አውልቀው ነጭ ለበሱ። ለተዝካሩ የተዘጋጀ ብቅልና ጌሾ ነበር፤ ሰኞውን ጠላ ጠመቁበት።

«ለአርባው የተጠሩት ሰዎች አይቅሩ» አሉ። «ሊያለቅሱ የተጠሩት መጥተው ይሳቁ። አንችም አባትሽን ጥሪልኝ፤ ከጎንደር ይምጣ።»

«ሩቅ ነው እማማ» አልሁ። ሌላ ያልሁት ነገር የለም። ማክሰኞም ምንም አላልሁም።

አለቃው የመጡት ረቡዕ ነው። ተማሪዎቹ ወጥተዋል። በሩ ላይ ቆሙና፣ «የመምህሩ ልጅ፣ እሑድ ለት ፊትሽን አየሁት» አሉኝ። «ሰው እልል ሲል አንቺ አመድ መስለሽ ነበር። ተዝካሩን አስቁሜያለሁ፤ በሕይወት ላለ ሰው ተዝካር አይወጣም። ግን አንቺን ሳልጠይቅ አልተኛም አልሁ።»

ነገርኋቸው። ድምፅ የሚይዝ መሣሪያ እንዳለ፣ በክፍላችን እንዴት እንደሆነ፣ እኔ እንዴት እንደወጣሁ።

«የያዘውን ስንት ጊዜ ያቆየዋል?»

«የተፈለገውን ያህል። ዓመትም ቢሆን።»

«ሰውዬው ቢሞትም?»

«ቢሞትም አባ።»

ወደ ደጁ፣ ወትሮ ጥላቸውን ወደሚለኩበት ቦታ ዞረው አዩ። «እንግዲያ እኔ የመሰከርሁት ምኑን ነው?»

«ሰዓት የሚናገረው ሰው እውነትም በዚያው ሰዓት ነው የሚናገረው። ሌላው ግን ሁሉም እንዲያ አይደለም።»

«ይኸን ያን ጊዜ ምነው ሳትነግሪኝ?»

«ያን ጊዜ አላሰብሁትም።»

«እሑድስ?»

ፊቴን ወደ ጠረጴዛዬ አዞርሁ። እሳቸውም አልደገሙትም።

ደብተሩን አውጥቼ አሳየኋቸው። በሁለት ወር ውስጥ የሰማኋቸው ሰላምታዎች አሉ። ሦስቱ በሳምንታቸው እንደገና ተጽፈዋል፤ ያው ሰው፣ ያው ቃል። ስጽፋቸው አይቻቸዋለሁ፤ ወታደር ሌላ የሚለው ቢያጣ ነው ብዬ አልፌያቸው ነበር። አለቃው ጣታቸውን ከአንዱ ገጽ ወደ ሌላው እያሻገሩ አነበቡ።

«ለአያ እንነግረዋለን» አሉ። «እኔ ብቻ አይደለሁም። አንቺም አለሽበት።»

አያ ከበረቱ ፊት ቡሬን ያልቡ ነበር። አለቃው ተናገሩ፤ እኔ ጨመርሁ። ድምፄ እየጠፋ ሁለት ጊዜ ድገሚ አሉኝ። አያ ማለባቸውን አላቆሙም።

«አሁን ነው ያልሽው አንች አይደለሽም?» አሉኝ፣ ላሟን እንጂ እኔን ሳያዩ።

«ነኝ አያ።»

«ዛሬ ደግሞ አሁን አይደለም ትያለሽ።»

«ተሳስቼ ነበር።»

ወተቱ ሞልቶ ማለቢያውን መሬት አስቀመጡ። ከዚያ በቀስታ እንዲህ አሉ፤ «በየሳምንቱ ይደግማል ካልሽ እሑድ እንስማው። ሌላ ነገር ከተናገረ ሕያው ነው። ያንኑ ካለ…» ማለቢያውን አነሡ። «እስከዚያ እሷን ተዋት። አራት ቀን ናት።»

አለቃው ሊናገሩ ፈለጉ፤ ተዉት። እኔም እንዳልናገር የተፈቀደልኝ መሰለኝ፤ ሳልወደው ቀለል አለኝ።

እሑድ ጠዋት ከጎንደር ያመጣሁት የባትሪ ድንጋይ፣ ሱቅ ውስጥ የከረመ ኖሮ፣ ሊያልቅ እንደ ደረሰ አወቅሁ። ሬድዮውን ስከፍት ድምፁ ከሩቅ ጉድጓድ የሚመጣ ያህል ነበር። የደከመ ድንጋይ ፀሐይ ላይ ሲውል ለጥቂት ሰዓት ጉልበት ያገኛል። ባላሞቀው ዘጠኝ ሰዓት ላይ ምንም አይሰማም ነበር፤ ድንጋዩ አልቋል ብል ማንም አይጠረጥረኝም፤ እውነትም ይሆናል። አዲስ ለማምጣት ሁለት ሳምንት ይፈጃል። ሰኞ ደግሞ ነገ ነው፤ ጠላው ደርሷል፤ ሰው ይመጣል፣ እማማም ይስቃሉ። ድንጋዮቹን በእጄ እንደያዝሁ ከደጁ ብዙ ቆምሁ። ከዚያ ጠፍጣፋ ቋጥኝ ላይ ደረደርኋቸው። እስከ ቀትር ድረስ ጎን ጎናቸውን እያገላበጥሁ አሞቅኋቸው። ከብረቱ ሥርም ውሃ አፈሰስሁ።

እማማን ማንም አልጠራቸውም ነበር፤ ግን ይመጡ ዘንድ የታወቀ ነው። አዲስ ነጠላ ለብሰው፣ ቅቤው ከግንባራቸው እየወረደ፣ ከድንጋያቸው ላይ ተቀመጡ። አያ ከአጠገባቸው ቆሙ። አለቃው ያን ቀን ጥላቸውን አልለኩም።

«ዛሬ ደግሞ እኔም ልስማው እንጂ» አሉ እማማ ለሰዉ ሁሉ። «እሑድ ለት እኔ ስቀር ነው የሚናገር። ሲጠይቀኝ እመልስለታለሁ።»

«አይሰማም እኮ» አለቻቸው አንዲት ጎረቤት።

«አይስማ። እኔ እመልሳለሁ።»

የባትሪው ድንጋይ አላሳፈረኝም። ጣቢያው ከዚያ በፊት ከሰማሁት ሁሉ ይልቅ ጥርት ብሎ መጣ፤ አልራቀም፣ አልተነፈሰም። አራተኛው ሰው እሱ ነበር። ስሙን ተናገረ። እማማ አፋቸውን በእጃቸው ያዙ። አባቴ፣ እናቴ፣ እንደምን ናችሁ። እኔ ደህና ነኝ። አታስቡ። ሳለ። አያ ያን ሳል ሲሰሙ ዐይናቸውን ጨፈኑ።

«ቡሬ ወለደች ወይ?»

«ወለደች ልጄ» አሉ እማማ ጮክ ብለው። «ሴት ወለደች።»

ከኋላው ሰውዬው ሳቀ። ሌላ ወታደር ቀጠለ።

እማማ ደስ እንዳላቸው ወደ አያ ቀና አሉ። አያ አያዩአቸውም። ወደ አለቃው ዞሩ፤ አለቃውም መሬት መሬት ያያሉ። ባለፈው እሑድ የነበሩት ሰዎች ቃሉን ሁሉም በልባቸው ይዘውት ነበር፤ ሳሉንም፣ ሳቁንም።

«ምነው?» አሉ እማማ። «ባለፈው ምን ነበር ያለ?»

በመስኮቱ አሻግረው ወደ እኔ አዩ። ሬድዮውን ዘጋሁና ወጣሁ። በሩ በኩል ዞሬ ሰው ሁሉ እያየኝ ከፊታቸው ተንበረከክሁ።

«ይኸንኑ ነው ያለው እማማ። አንድም ቃል አልቀየረም፤ ድምፁን በመሣሪያ ይዘው ነው የሚያሰሙን።»

«ሳሉንስ?»

«ሳሉንም።»

«ይኸ መቼ የተናገረው ነው?»

«አላውቅም። ከጥቅምት ወዲህ ነው፤ ስለ ቡሬ የጻፍንለት ደርሶታል። ወረቀቱ ከመምጣቱ በፊት ነው። ሌላ አላውቅም።»

ፊቴን ትክ ብለው አዩት። ይመቱኛል ብዬ ነበር። እጃቸውን ወደ ትከሻቸው አነሡና ነጠላቸውን ገለበጡት፤ ጥለቱን ወደ አንገታቸው አምጥተው አዘቅዝቀው ለበሱት። ሌሎቹም ሴቶች አንድ በአንድ እንዲያው አደረጉ። ያን ጊዜ ልቅሶው ተነሣ።

ተዝካሩ ሰኞ በቀኑ ተደረገ። ለደስታ የጠመቁትን ጠላ ስቀዳ ዋልሁ። አያ ከእኔ ጋር አልተነጋገሩም፤ ማታ ግን በሩን ለመዝጋት ሲያልፉ ድንጋዩ አልቆ እንደሆነ ጠየቁኝ። አልቋል አልኋቸው።

እማማ ያናገሩኝ ከሦስት ቀን በኋላ ነው። መደቤ ጫፍ ላይ ተቀመጡ፤ ራሳቸውን ከቅቤው አጥበውታል።

«እዚያ ያሉት ሰዎች ድምፁን ያዙት አልሽ?»

«አዎ እማማ።»

«አልጣሉትም?»

ይይዙታል ልላቸው ፈልጌ ነበር። ልላቸው አፌን ከፍቼ ነበር።

«አላውቅም» አልኋቸው።

በሁለት ሳምንት አዲስ የባትሪ ድንጋይ መጣ። እማማ እሑድ እሑድ መምጣታቸውን አልተዉም። ያው ድንጋይ ላይ፣ ነጠላቸውን አዘቅዝቀው፣ እያንዳንዱ ስም ሲጠራ አንገታቸውን ቀና፣ መልሰው ዝቅ ያደርጋሉ። ሲያልቅ ምንም ሳይሉ ይነሣሉ። እስከ ሰኔ፣ እኔ ወደ ጎንደር እስክመለስ ድረስ፣ የእሱ ድምፅ እንደገና አልመጣም። ሬድዮውን ለሌላው መምህር ሳስረክብ ደብተሩን ለራሴ አስቀረሁት። የዚያን እሑድ ገጽ አሁንም አየዋለሁ፤ ቀኑና መርፌው የቆመበት ቁጥር አለ፤ ከዚያ ቀጥሎ በእጄ ጽሑፍ፣ «ዘጠኝ ሰዓት፤ በጣም ጥሩ ይሰማል» ይላል።